የጋሽ ሸምሱ መደርደሪያ

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ማ ኖምሳ ሦስት ነገር ሰጡኝ፦ የፎርም መያዣ ሰሌዳ፣ እርሳስና የኩሽና ሚዛን። ቢሯችን ዱርንፎንቴን በሚባል የከተማው ሰፈር፣ ከልብስ ሰፊዎች ሱቅ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። እኔ የግብርና ኢኮኖሚክስ ዲግሪዬን ተማምኜ፣ ክራቫት አስሬ ነው የሄድኩት። ማ ኖምሳ ክራቫቴን አይተው፣ "እሱን አውልቀው። ባለሱቆቹ ተቆጣጣሪ መጣ ብለው ሱቃቸውን ይዘጉብሃል" አሉኝ። እዚህ በስደት በመጣሁበት አገር ትልቅ ሴት "ማ" ተብላ ነው የምትጠራው፤ እኔም እስከ መጨረሻው እንደዚያው ጠራኋቸው።

ሥራችን ሲያወሩት ቀላል ነው። የአንድ አካባቢ ሰው ምን ይበላል፣ ከየት ይገዛል፣ ምን ያጣል የሚለውን እናጠናና ዕቅድ እናወጣለን። ለእያንዳንዱ ስፓዛ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ የሰፈር ትንሽ ሱቅ፣ ከዜሮ እስከ ሦስት ነጥብ እንሰጣለን። ዜሮ ባዶ ነው፣ ሦስት የተሟላ። የማ ኖምሳ ደንብ ደግሞ አንድ ነበር፦ "መጀመሪያ መደርደሪያውን እይ፣ ቁጠር፣ መዝን። ሰውየውን ኋላ ትጠይቀዋለህ። ሰው ስለ ምግብ ሲጠየቅ ያፍራል።"

ደንቡን ለዓመታት አከበርኩ። ዳቦ ስመዝን ሌባ መስያቸው ከሱቅ ያባረሩኝ አሉ። ማቀዝቀዣ ከፍቼ በቲማቲም ፋንታ የባለቤቱን ጫማ ያገኘሁበት ቀንም አለ። ጫማውን ሳይቀር መዝግቤ ማ ኖምሳ ሲያነቡት በሳቅ ፈረሱ።

ከዚያ ዛንድስፕሩት የሚባለው የከተማ ዳር ሰፈር ጥናት መጣ። ከከተማው ዙሪያ እርሻዎች ጎመን፣ ቲማቲምና እንቁላል እየጫነ ለስፓዛዎች በቅናሽ የሚያከፋፍል መኪና ሊመደብ ነበር። መኪናው አንድ ብቻ ስለሆነ የሚቆመው ዝቅተኛ ነጥብ ያገኙ መንገዶች ላይ ነው። ከነዚያ መንገዶች በአንዱ የጋሽ ሸምሱ ሱቅ ነበር።

ጋሽ ሸምሱ የስልጤ ሰው ናቸው። አገሩን ሳላውቅ ሜይፌር በሚባለው ሰፈር ክፍላቸውን አካፍለው ያስጠጉኝ እሳቸው ናቸው። ዛንድስፕሩት ላይ የከፈቱት ሱቅ ጎጎ፣ ማለትም አያት፣ ሊንዲዌ የሚባሉ አሮጊት ግቢ ውስጥ ነበር። ሰሌዳዬን ይዤ ብቅ ስል፣ "ታዴ! ዛሬ ከየት ተገኘህ?" ብለው አቀፉኝ፤ የለስላሳ ሳጥን ገልብጠውም አስቀመጡኝ። ወደ ጓሮ ወጥተው ቆዩና በቃሪያ የተጠበሰ እንቁላል ከዳቦ ጋር ይዘው መጡ። እስክጨርስ ቆመው ጠበቁኝ።

ከበላሁ በኋላ ፎርሙን አወጣሁ። "ባለፈው ወር አልቆብዎት መተካት ያቃተዎት ዕቃ አለ?"

"አልሐምዱሊላህ! ምን ይጎድላል? ይኸው፣ እያየኸው።"

ለመውጣት ስነሣ ክርኔ የወተት ካርቶን ነካና ወደቀ። ባዶ ነበር። ጋሽ ሸምሱ አንሥተው፣ የታሸገውን ፊት ወደ ውጭ አድርገው ወደ ቦታው መለሱት። የቀሩትም ካርቶኖች እንደዚያው ባዶ እንደሆኑ ገባኝ። እንጀራቸውን የበላሁ ሰው መደርደሪያቸውን መበርበር ነውር መሰለኝ። ሚዛኑን ከቦርሳዬ ሳላወጣ ሦስት ብዬ ጻፍኩ።

በስብሰባው ላይ ማ ኖምሳ ጣታቸውን ካርታው ላይ አሳረፉ። "ዙሪያው ሁሉ አንድ ነው። ይህ ሦስት ከየት መጣ?"

"ባለሱቁን አውቃቸዋለሁ፤ ጠንካራ ሰው ናቸው።"

"እኔ የጠየቅሁህ መዝነህ እንደሆነ ነው።"

"መዝኛለሁ" አልኩ። ማ ኖምሳ አመኑኝ። በዚያች አንድ ሦስት የተነሣ የመንገዱ አማካይ ከፍ አለና መኪናው ሰፈሩን ከሚከፍለው ወንዝ ማዶ እንዲቆም ተወሰነ።

ከወራት በኋላ ለክትትል ስመለስ የሱቁ በር ተቆልፎ አገኘሁት። "ሳውቦና ጎጎ" ብዬ ሰላም አልኳቸው። ጎጎ ሊንዲዌ ሰላምታዬን ሳይመልሱ፣ "ወንድምህ ሄዷል" አሉኝ። ደንበኛው ሁሉ ርካሽ አትክልት ፍለጋ ማዶ ወዳሉት ሱቆች ተሻግሯል፤ ጎጎ ራሳቸውም ለአንድ ጎመን በዚያ ጉልበታቸው ወንዙን ይሻገራሉ። "ያን ቀን ያበላህን እንቁላል ከእኔ ኩሽና ነው የወሰደው" ብለው ጨመሩልኝ።

ጋሽ ሸምሱን ሜይፌር፣ አንድ የጅምላ መደብር ደጃፍ ላይ የሩዝ ከረጢት ተሸክመው አገኘኋቸው። በዚያ ዕድሜ የሰው ተቀጣሪ ሆነዋል። ከረጢቱን ልቀበላቸው ብል እምቢ አሉኝ።

"ጋሼ፣ ለምን አልነገሩኝም?" አልኳቸው።

"እንግዳዬ ነበርክ እኮ። ለእንግዳ ጎደለኝ ይባላል እንዴ?" ከረጢቱን አወረዱና ትንፋሽ ሰበሰቡ። "ደግሞ ካርቶኑ ሲወድቅ አይተሃል። የእኛው ልጅ ነው፣ አይቷል፣ አውቆ ይጽፍልኛል ብዬ ዝም አልኩ።"

እንዳላሳፍራቸው ብዬ አስርቤያቸዋለሁ። እሳቸው ግን አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "ሻይ ትጠጣለህ?" አሉኝ። አልጠጣም ብዬ ተሰናበትኳቸው፤ ያንንም አሁን ድረስ እጸጸትበታለሁ።

በማግስቱ ለማ ኖምሳ እውነቱን ተናገርኩ። "ሚዛኑን ለምን ሰጠሁህ?" አሉኝ። ማስጠንቀቂያ ጻፉብኝ፣ ነጥቡንም በእጄ አስተካከልኩ። በሚቀጥለው ዙር መኪናው በዚያ መንገድ እንዲቆም ተደረገ። አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ከጎጎ ሊንዲዌ ግቢ ፊት ይቆማል። ጎጎ ጎመናቸውን ወንዝ ሳይሻገሩ በመንገዳቸው ካለ ሱቅ ይገዛሉ። የጋሽ ሸምሱ ሱቅ ግን ስልክ መጠገኛ ሆኗል፤ እሳቸው አልተመለሱም።

ጡረታ ስወጣ ሚዛኑን በቦታዬ ለተተካችው ባልደረባ አስረከብኩ። የነገርኳትም ይህንኑ ነው። የምታውቂው ሰው ሱቅ ከደረሰሽ ፎርሙን ለሌላ ሰው ስጪ። ሌላ ሰው ከሌለ ግን፣ ከመብላትሽ በፊት መዝኚ፤ ያየሽውንም ጻፊ።