ሂማሊያ ድረስ አየር ለመቀየር

ልጄ በስልክ «አየር ለመቀየር ነው» ስትለኝ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ስልኩ ድምፁ ተከፍቶ መደርደሪያው ላይ ስለነበር ባለቤቴም ሰምቷል፤ እሱ ግን ሐሳቡ ማሽላው ላይ የወረደው ወፍ ዘንድ ስለነበር ምንም አልመሰለውም።

ልጄ የምትኖረው ህንድ ነው። ለትምህርት ሄዳ፣ ጨርሳ እዚያው ሥራ ያዘች። ያን ቀን የደወለችው እኔን የምታስመጣበትን ቲኬት መቁረጧን ልትነግረኝ ነው።

«ከዚያ እኔና አንች ሂማሊያ ላይ እንወጣለን» አለች። «አንዲት ትንሽ ከተማ አለች፤ ጸጥ ያለች፣ ብርዳም። አየር ለመቀየር ነው እማ።»

ይህን ብላ አሳለች።

የምንኖርበት ቆቦ ቆላ ነው። በኛ አገር አየር የሚቀይር በሽተኛ ነው። ወባ ያደከመው፣ ሳል የያዘው፣ ሐኪም አይቶት «እንግዲህ» ብሎ የመለሰው ሰው፣ ደጋ ዘመድ ካለው ወደ ደጋ ይወጣል። ልጆች ሳለን ታናሽ እህቴን ወሰዷት። የት ሄደች ብል «አየር ልትቀይር» አሉኝ፤ ከዚያ ሌላ የነገረኝ የለም። ስትመለስ ሬሳዋ በቃሬዛ ነበር። ጤነኛ ሰው ይህን ቃል ስለራሱ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም።

«ታስያለሽ እንዴ?» አልኳት።

«ኧረ ጉንፋን ነው።»

እህቴንም መጀመሪያ ጉንፋን ነው ብለዋት ነበር።

ስልኩ ሲዘጋ ሂማሊያ ምን እንደሆነ ባለቤቴን ጠየቅኩት። እሱ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሯል፣ እኔ ሦስተኛን አልጨረስኩም፤ ስለዚህ ቤታችን ውስጥ የሩቅ አገር ነገር የሚጠየቀው እሱ ነው።

«የዓለም ትልቁ ተራራ ነው» አለኝ።

«ከዞብል ይበልጣል?»

«አንች ሴትዮ፣ ዞብል እሱ አጠገብ ቢቆም የጉንዳን ቤት ነው።»

ሽንኩርቱን መክተፍ ቀጠልኩ። ለእህቴ ከቆቦ በላይ ያለው ደጋ በቂ ነው ተብሎ ነበር። ለልጄ የዓለም ትልቁ ተራራ ካስፈለገ፣ በሽታዋ ምን ያህል ቢሆን ነው?

ከዚያ በኋላ በደወለች ቁጥር ዕቅዷን ትዘረዝርልኝ ጀመር።

«ጠዋት እንቅልፋችንን እስክንጠግብ እንተኛለን። ከዚያ ብርድ ልብስ ተከናንበን ፀሐይ ላይ እንቀመጣለን። ሾርባ ያመጡልናል። ወደ ማታ ቀስ እያልን እንራመድና፣ በረዷማውን ተራራ ከሩቅ አይተን እንመለሳለን።»

«ሌላስ ምን እንሠራለን?»

«ምንም። ዕረፍት ነው እኮ እማዬ።»

ዕረፍት ባትል ይሻል ነበር። አረፈ የሚባለው ማን እንደሆነ እሷም ታውቃለች። ፀሐይ፣ ብርድ ልብስ፣ ሾርባ፣ ቀስ ብሎ መራመድ፤ ሳይወስዷት በፊት የእህቴ ውሎ ይኸው ነበር። በረዶው ብቻ አዲስ ነው።

«ልትዝናና ነው የፈለገች» አለ ባለቤቴ። «የታመመ ሰው ቲኬት ቆርጦ ይጋብዛል?»

«የታመመ ሰው ነው እናቱን የሚፈልግ።»

በማግስቱ ጎብዬ ገበያ ውሎ ሲመለስ ማር ይዞ ገባ። ማር ለሳል መድኃኒት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሻንጣዬን ስሸክፍ ማሩን ጨመርኩ። ጥቁር አዝሙድ፣ ፌጦ፣ የተነጠረ ቅቤም ጨመርኩ። ከሁሉ በታች ነጭ አቡጀዲ አጥፌ አስቀመጥኩ። እዚያ አገር ከፈን የት እንደሚሸጥ አላውቅም፤ በሰው አገር ጨርቅ ፍለጋ መንከራተትን ሳስበው ደግሞ ከበደኝ። ለባለቤቴ አልነገርኩትም።

አዲስ አበባ ድረስ እሱ አደረሰኝ። አውሮፕላኑ ላይ አንዲት የማላውቃት ሴት ቀበቶዬን አሰረችልኝ። ሲያርፍ ልጄን መውጫው በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ከስታለች። ወይም ጸጉሯን ስለተቆረጠች ይሆናል።

ወደ ተራራው የወጣነው በመኪና ነው። መንገዱ ይጠመዘዛል፤ አንዱን ጥምዝ ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል። መሐል ላይ ልጄ «አቁምልኝ» ብላ ወርዳ አስመለሳት። ጥቁር አዝሙዱን በመሐረብ ቋጥሬ አሸተትኳት። ሾፌሩ ይስቃል። ያረቢ፣ ብቻ አድርሰን አልኩ። ወደ ገደሉ አላየሁም፤ የማየው እሷን ነበር።

ከተማዋ ጸጥ ያለች ናት፤ ስለሱስ አልዋሸችም። ጉም አለ፣ ጥድ አለ፣ መንገድ ዳር በቆሎ እሸት በከሰል የሚጠብስ ሰው አለ። ማረፊያችን ግን ከመንገዱ በላይ ስለነበር የድንጋይ ደረጃ መውጣት ነበረብን። ልጄ የሷንም የኔንም ሻንጣ አንስታ ወጣች። እኔ መሐል ላይ ቆምኩ።

«ነይ እንጂ! አሮጊት ሆንሽ እንዴ?» አለችኝ ከላይ።

እንደምንም ደረስኩባትና ጆሮዬን ጀርባዋ ላይ ለጠፍኩ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ተንፍሽ።»

«እማ፣ ሰው እያየን ነው።»

«ተንፍሽ አልኩ!»

ተነፈሰች። የእህቴ ጀርባ ጤፍ በወንፊት ሲነፋ የሚሰማውን ድምፅ ያሰማ ነበር። የልጄ ምንም የለውም፤ ልቧ ብቻ ነው የሚመታው። ደግማ እንድትተነፍስ አደረግኳት። አሁንም ምንም የለም።

«ታዲያ አየር የምትቀይሪ ምንሽን አሞሽ ነው?»

አየችኝ። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ስትስቅ አላሳላትም፤ ያንንም ልብ ብያለሁ።

«እዚህ እኮ ሰው ሳይታመምም አየር ይቀይራል።»

«ለምን?»

እጄን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። «ደግሞ ለኔ አይደለም፣ ላንች ነው» አለች። «ጦርነቱ በቆቦ ካለፈ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር ደንግጠሽ ትዘያለሽ። አባዬ ነግሮኛል።»

«እኔ መች ታመምኩ?»

«እሱን ነው የምልሽ፤ ሳትታመሚም ይቀየራል።»

ክፍላችን ገብታ ሻንጣዬን ስትፈታ አቡጀዲውን አወጣችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጨርቅ ነው» አልኩ።

የመስኮቱ መጋረጃ አጭር ስለነበር እሱን ሰቀለችው። ልክክ አለ። ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

ባለቤቴ ደወለ። ስለ ልጅቱ ለመጠየቅ አልደፈረም።

«ማሩ ሳይፈስ ደረሰ?» አለኝ።

«ደርሷል» አልኩት። «እኛም ደርሰናል። ልጅህ ጤነኛ ነች፤ ጀርባዋን ሰምቻለሁ። እኔም ደህና ነኝ።»