የጠቆረው ብርጭቆ

ትናንት የፈሰሰ ሻይ የዛገው የብረት ጠረጴዛዬ ላይ አድሮ ጠዋት ሳየው እንደ ቀለም ጠቁሯል። ጨርቅ ይዤ ቆምኩ እንጂ ልጠርገው አልቻልኩም።

ከብዙ ዓመት በፊት ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በላይ፣ ጠባብ ግቢ ውስጥ ነበር የምንኖረው። ታላቅ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ያጠና ነበር። ፈረንጁ መምህሩ ወደ አገሩ ሲመለስ የሰጠውን የእፀ ፋሪስ ዘር በዘይት ጣሳዎች ዘርቶ ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ሥር ደረደረው። ቅጠል እየቀነጠሰ አልኮል ውስጥ ይዘፈዝፋል። ከዚያ እኔ ብርጭቆውን ስይዝለት፣ ብረት የሟሟበት ቢጫ ውሃ ጠብ ያደርግበታል። የለጋው ቅጠል ውሃ ፈዘዝ ይላል፤ የበሰለው ይጠቁራል።

«የሚያጠቁረው ነገር ፊኖል ይባላል» አለኝ። «ወፍራም ሻይ ስትጠጪ ምላስሽን የሚይዘው ዓይነት ነው። ተክሉ ፀሐይና ተባይ ሲበዛበት ያበጀዋል። ሲያብብ ይጨምር እንደሆነ ግን ገና አላየሁም።»

የመመረቂያ ሥራው ያቺን አበባ እየጠበቀ ቆሞ ነበር።

እናቴ ግን የምታየው ጥቁሩን ውሃ ነው። ልጇ መተት የጀመረ መሰላት። ለነፍስ አባታችን ብትነግራቸው «ነቅለሽ አቃጥይው» አሏት። እሱ ትምህርት ላይ ሳለ ነቅላ፣ ጸበል ረጭታ፣ ግቢው መሐል እሳት ለኮሰችበት። ሽታው አጥሩን ዘሎ መንገድ ወጣ። «የዛሬው ዕጣን ከየት አገር ነው?» እያለ የሰፈሩ ጎረምሳ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ፖሊስ ገባ።

ወንድሜ ጢሱን አይቶ እየሮጠ መጣ። ዝም ብሎ ቢያልፍ ማንም አይነካውም ነበር። እሱ ግን እጁን እሳቱ ውስጥ ከቶ እምቡጥ የያዘውን ቅርንጫፍ አወጣ።

«የማን ነው?» አለ ፖሊሱ።

«የኔ ነው። ለትምህርት ነው።»

«ሐሺሽ ነው የሚያስተምሯችሁ?»

እናቴ ፖሊሱ እግር ላይ ወደቀች። «ጌታዬ፣ መተት መስሎኝ ነው» ስትል የሰማት የለም።

ወንድሜን ወስደው አሰሩት። እስር ቤቱ ውስጥ የተስቦ በሽታ ገባ፤ ወንድሜም ከዚያ በሬሳ ሳጥን ወጣ። እናቴን ለዓመታት ጠልቻት ነበር። ዛሬ ግን ይህን ስናገር አንጀቴን ትበላዋለች።

ለቅሶው ሲበተን፣ ከውሃ በርሜሉ ጀርባ እናቴ ሳታየው የቀረ አንድ ጣሳ አገኘሁ። በርሜሉ የሚያንጠባጥበውን እየጠጣ ተክሉ አብቧል። አበባውን አልኮል ውስጥ ዘፈዘፍኩት፤ ብርጭቆውንም ራሴ ይዤ ራሴው ጠብ አደረግሁበት። ውሃው ከሰል መሰለ። እናቴ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«አበባው ምን አለ?» አለችኝ በቀስታ።

«ሲያብብ ይጨምራል።»

ብርጭቆውን ተቀብላኝ ወደ ብርሃኑ አነሳችው። እያዞረች አየችው።

«እሱ ሳያየው» አለች።