ስግደት ነው ተብሎ የታለፈው አወዳደቅ

ይህ የደረሰው አምና፣ ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ዓመት አለፈው፤ እኔ ግን ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። የነገርኩት ሰው ሁሉ "በቃ እርሺው" ይለኛል። እንዴት አድርጌ ነው የምረሳው?

የምኖረው ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ነው። ያኔ ፍራንክሊንተን በሚባለው ሰፈር በአንዲት ትንሽ ኩባንያ ቴክኒሻን ነበርኩ። ኩባንያዋ የምትኖረው መንግሥት ለትናንሽ ድርጅቶች በሚሰጠው የምርምር ግራንት ነው። መጀመሪያ የሠራነው አውሮፕላን ከሳተላይት ጋር ግንኙነቱ ሲቋረጥ ወዴት እንዳዘነበለ የምትነግር፣ ከጥፍር የማትበልጥ ሴንሰር ነበር። ኋላ ባለቤቱ፣ ሁላችንም ዶክተር የምንለው ሰውዬ፣ "አውሮፕላን ማዘንበሉን ካወቀች ሰው መውደቁንስ ለምን አታውቅም?" አለና ለጤና ምርምር ሌላ ግራንት አመጣ። ሴንሰሯን ቀበቶ ውስጥ ከተትናት። የታጠቀው ሰው ከወደቀ ቀበቶው ኩባንያው ስልክ ላይ ይጮኻል። ስልኩን የምይዘው እኔ ነኝ። ለሰውየው እደውላለሁ፤ ካላነሳ አምቡላንስ እጠራለታለሁ።

እውነቱን ልናገር፣ በሥራዬ እኮራ ነበር። ለዘመድ ሁሉ አውርቻለሁ።

ቀበቶውን የሚሞክሩ አረጋውያን ሲፈለጉ "እኔ አመጣለሁ" አልኩ። ምን አስቀደመኝ! ከቤተ ክርስቲያናችን ስድስት ሰው አሳመንኩ። ከሁሉ በፊት እሺ ያሉኝ እትዬ በላይነሽ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባ አራት ነው፤ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጃቸው ሜሮን እዚሁ ተወልዳ ያደገች ነርስ ናት፤ ዳውንታውን ሆስፒታል ነው የምትሠራው። "ልጄ ሥራ ላይ ሆና ስለ እኔ ሐሳብ ከሚገባት፣ ይህንን ብታጠቅ ይሻላል" አሉኝና ወገባቸውን ሰጡኝ። በእጄ አስታጠቅኋቸው።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ስልኩ አበደ። ጠዋት ይጮኻል፣ ቀትር ላይ ይጮኻል። ደንግጬ ስደውል "ምነው ልጄ፣ ስግደት ላይ ነኝ እኮ" ይሉኛል። ሰሙነ ሕማማት ላይማ አይጣል ነው! ሴንሰሯ ምን ታድርግ፣ ሰው ወደ ፊት ተደፍቶ ግንባሩ መሬት ሲነካ ወደቀ ትላለች። ዶክተሩ አልገባው ሲል ቢሮው ውስጥ ሰግጄ ሁሉ አሳየሁት። ሳቀ። ለሁለተኛው ዙር ግራንት መንግሥት ሪፖርት እየጠበቀ ስለነበር፣ በስድስቱ ሰዎች ቀበቶ ላይ ወደ ፊት መደፋት ዝም ተብሎ እንዲታለፍ አደረገ። ፎልስ አላርሙ፣ ያ የሐሰት ጩኸት፣ ጠፋ። የሪፖርቱ ግራፍም አማረ።

"ሰው እኮ ሲወድቅም ወደ ፊት ይደፋል" አልኩት።

"ለጾሙ ብቻ ነው" አለኝ።

በፋሲካ ማግሥት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ ቢሮው ገባሁ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት በእኛ ዘንድ አይሰገድም። "ከዛሬ ጀምሮ ወደ ፊት የተደፋ ሰው ካለ ወድቆ ነው፤ አሁኑኑ መልሰው" አልኩት። "ሪፖርቱ ይሂድና" አለኝ። ሐሙስ ዕለት ደግሜ ሄድኩ። "ነገርኩሽ እኮ! አሁን አንድ ነገር ከነካን ውጤቱ ሁሉ ይዛባል" ብሎ ዓይኑን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ለስድስቱ ሰዎች ደውዬ "ቀበቶውን እንዳታምኑት" ማለት እችል ነበር። አልደወልኩም። አለቃዬን ማስቀየም ፈራሁ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ጠዋት እትዬ በላይነሽ ከመታጠቢያ ቤት ሲወጡ ምንጣፉ አደናቀፋቸውና በግንባራቸው ተደፉ። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ ብዬ ሽቦ እበይዳለሁ። ስልኩ ፊት ለፊቴ ነው፤ ትንፍሽ አላለም።

ከምሳ በኋላ ሜሮን በራሴ ስልክ ኮል አደረገችኝ። እናቷ ስልክ አላነሳ ሲሏት ከሥራ ወጥታ ሄዳ መሬት ላይ ነው ያገኘቻቸው። እያለቀሰች "ዌር ወር ዩ?" አለችኝ። ምን ልበላት? ስልኩን ታቅፌ ተቀምጬ ነበር ልበላት?

ሆስፒታል ስደርስ ዳሌያቸው ተሰብሯል፤ ግንባራቸው አብጦ አንድ ዓይናቸውን ሸፍኖታል። "ምነው እትዬ፣ ጎረቤት አልነበረም? ለምን አልጮኹም?" አልኳቸው።

"ጎረቤቴማ መስኮቴ ሥር ሣር ያጭድ ነበር። ማሽኑን ሲያጠፋም ሰምቼዋለሁ" አሉ። "ከወደቁ አይንቀሳቀሱ፣ ቀበቶው ይጠራኛል፣ ወዲያው እደርሳለሁ ብለሽኝ የለ? እሷ መንገድ ላይ ናት፣ ሰውየውን ለምን ሥራ አስፈታዋለሁ ብዬ ዝም አልኩ።"

ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ።

በማግሥቱ የቀበቶውን መዝገብ ከፍቼ አየሁ። የወደቁበት ሰዓት፣ ወደ የት እንደወደቁ፣ ከዚያ በኋላ ሳይነሡ መቆየታቸው፣ ሁሉም ቁጭ ብሏል። አጠገቡ "ታልፏል" ይላል። አትሜ ለራሴ አንድ ቅጂ አስቀረሁና ሌላውን ለዶክተሩ አሳየሁት። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ይቅርታ ይጠይቃል ብዬ ስጠብቅ "ምናልባት ቀበቶውን በደንብ አልታጠቁት ይሆናል" አይለኝም! መዝገቡ እጁ ላይ እኮ ነው!

ሳምንት ሳይሞላ እትዬ በላይነሽ ወደተዛወሩበት ማገገሚያ፣ ሪሃብ ወደሚሉት፣ አስተርጓሚ እንድሆነው ይዞኝ ሄደ። በአንድ እጁ አበባ፣ በሌላው ወረቀት ይዟል። አልጋው ጎን እንደቆምን ወረቀቱን ሰጠኝና "ለደንቡ ያህል ነው፤ አስረጃትና ትፈርም" አለኝ። አነበብኩት። እትዬ በላይነሽ ሲወድቁ ቀበቶውን አውልቀው ነበር ይላል።

ቃል በቃል አስረዳኋቸው። "ስወድቅ ቀበቶውን አውልቄ ነበር ብለው እንዲፈርሙለት ነው የሚፈልገው" አልኳቸው።

"እኔ? አውልቄ?" ከትራሳቸው ቀና ለማለት ሞከሩ። "ሜሮን አይደለች እንዴ ከወገቤ ላይ የፈታችው! ይሄ ሰውዬ ነውር አያውቅም? በይ ንገሪው!"

ነገርኩት። አንዲት ቃል አላስቀረሁም። "ነውር" ለሚለው የሚመጥን የእንግሊዝኛ ቃል እስካገኝ ድረስ አቁሜ አስጠበቅሁት። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና አበባውን ወንበር ላይ ጥሎ ወጣ። አልተከተልኩትም።

ሁለታችን ብቻ ስንቀር እትዬ በላይነሽ እጄን ያዙኝና "ለመሆኑ ልጄ፣ መሣሪያው ምን ነክቶት ነው? ተበላሽቶ ነው?" አሉኝ።

አዎ ብል ያልቅልኝ ነበር።

"አልተበላሸም እትዬ" አልኳቸው። "ሲወድቁ አውቋል። ስግደት ነው ብለን እንዲያልፈው አድርገነው ነው።"

"በበዓለ ሃምሳ?" አሉኝ። "አንቺ እያለሽ?"

ስለ እጃቸው ብቻ ልንገራችሁ፤ እጄን አልለቀቁትም። ቢለቁኝ ይሻለኝ ነበር።

የዚያኑ ዕለት መዝገቡን ከደብዳቤ ጋር ግራንቱን ለሚሰጠው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ላክሁ። ሁለተኛው ዙር ታገደ፤ ምርመራም ተጀመረ። ዶክተሩ ውለታ ቢስ ብሎኛል፤ ይበል። አብረውኝ የሠሩት ሰላምታ ነስተውኛል። እኔም ከዚያ ሥራ ወጥቼ ግሮቭፖርት ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ዕቃ ስካን እያደረግሁ ነው የምውለው። እትዬ በላይነሽ በዎከር ተደግፈው መራመድ ጀምረዋል። እሑድ እሑድ ሲያገኙኝ ይስሙኛል፣ ይመርቁኛል፤ ያን ጥያቄ ደግመው አንሥተውት አያውቁም።

ሰውየውን ሳስበው ዛሬም ያንገበግበኛል። ምርመራው የት እንደሚደርስ አላውቅም፤ የሠራው ግን ቢያንስ ፋይል ውስጥ ገብቷል። ሐሙስ ዕለት እሺ ብዬ ከቢሮው መውጣቴን፣ ለስድስቱ ሰዎች ሳልደውልላቸው መቅረቴን ግን ለመሥሪያ ቤቱ በላክሁት ደብዳቤ ውስጥ አላነሣሁትም። ይኸው፣ እሱን ዛሬ ጻፍኩት።