በረዶው የዋጠው ትርጉም

ሁንዴ የናዝሬት ባቡር ጣቢያ የጭነት ክፍል ሠራተኛ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ በቀበሌው አዳራሽ፣ ከሸራው ጎን ቆሞ፣ ከወዳጅ አገሮች የሚመጡትን ፊልሞች ይተረጉማል። ግርጌ የሚያልፈውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያነበበ በአማርኛ፣ ሲያሻውም በኦሮምኛ፣ በድምፅ ማጉያ ይለዋል። ከሞጆ ድረስ የሚመጡ ነበሩ፤ ለፊልሙ ሳይሆን ለእሱ ድምፅ።

በ1970 ጥቅምት ላይ የመጣው ፊልም ልቡን አስደነገጠው። አሥር ዓመት ደጋግሞ ካነበበው ልብወለድ የተሠራ ነበር፤ በሐይቅ ሥር ስለተኛች ንግሥት የሚተርክ። በመጽሐፉ ሐይቁ ይዘምራል፤ ዓሦቹ የሰው ሕልም ተሸክመው ይዋኛሉ። በፊልሙ ዓሣም ዝማሬም የለም። አካፋ የያዙ ገበሬዎች ሐይቁን ያደርቃሉ። ሁንዴ እየከፋው ተረጎመ።

መጨረሻው ላይ በረዶ ወረደ። ነጭ ፊደል በነጭ በረዶ ላይ! አንድም ቃል አልታየው አለ። ሕዝቡ ይጠብቃል። የመጽሐፉን ፍጻሜ በቃሉ ያውቀዋልና እሱኑ ተናገረ፦

«ንግሥቲቱ ነቃች! ወደ ዙፋኗ ልትመለስ ነው!»

ሸራው ላይ ገበሬዎቹ ዘውዱን እቶን ውስጥ ይጥሉ ነበር።

«ኧረ ሁንዴ፣ ዘውዱ እኮ ቀለጠ!» አለ ጋሪ ነጂው ሳሊህ ከፊት ሆኖ። ሰው ሳቀ። ከኋላ ግን አንዲት አሮጊት እልል አሉ። ሳቁ ቀጥ አለ።

መብራት ሲበራ የቀበሌው ሊቀመንበር ገሠሠ በእርጋታ ቀረበው።

«ጓድ ሁንዴ፣ ንግሥቲቱን ማን ቀሰቀሳት?»

«ጽሑፉ አልታይ ብሎኝ ነው ጓድ ሊቀመንበር። መጽሐፉ ላይ እንደዚያ ነው።»

«መጽሐፍም አለ?» ፈገግ አለ። «ሰኞ ጠዋት ይዘኸው ና።»

ለሁንዴ የገባው ከአፉ ካወጣው በኋላ ነው። መጽሐፉን የተዋሰ ሁሉ የኋላ ሽፋኑ ላይ ስሙንና የመለሰበትን ቀን ይጽፍ ነበር፤ የወዳጆቹ ልማድ ነው። አሥራ አንድ ስም። አስተማሪው አስፋው፣ የዓለም ጤና ከተማዋ ጫልቱ፣ ሌሎችም።

«ሽፋኑን ገንጥለው» አለችው ሚስቱ አሰለፈች።

«ለምን ገነጠልከው ቢሉኝስ?»

እሑድ እኩለ ቀን ላይ ምድጃው ፊት ተቀመጠ። እያንዳንዱን ገጽ አንብቦ ነበር የሚጥለው። ያ ሁሉ ውሃ፣ ያ ሰማያዊ ሐይቅ፣ እንዴት ይነዳል! ነደደ።

ሰኞ ባዶ እጁን ሄደ።

«አቃጠልኩት ጓድ። አብዮቱን የሚጻረር ስለመሰለኝ።»

«ጎበዝ። ማን ማን አንብቦታል?»

«እኔ ብቻ።»

ገሠሠ ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋለት። «እንግዲያው ከመጀመሪያው ጀምረህ ጻፍልን። ጊዜ አለን።»

ታጣቂው በሩን ከውጭ ዘጋው።

ሁንዴ ጻፈ። የሐይቁን ዝማሬ ጻፈ፣ ዓሦቹን ከነሕልማቸው ጻፈ። ማን ማን እንዳነበበው ሲጠይቁት ያንኑ «እኔ ብቻ» መለሰ። ከአሥራ አንዱ አንድም ሰው አልተጠራም።

አሰለፈች በየቀኑ ምሳውን ታደርስ ነበር። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ታጣቂው ሳህኑን ሳይቀበላት ዓይኑን አሸሸ።

«እትዬ፣ ከእንግዲህ አያምጡ» አላት።