ደጅ የሌለው ፎቅ

እኔ እስከማውቀው ድረስ ወረታ ላይ መጀመሪያ ሦስት ደርብ ሆኖ የቆመው የአክስቴ ጎረቤት ቤት ነው። ጊዜው የሃምሳዎቹ አጋማሽ፣ ባለቤቱ የቆዳና የቅቤ ነጋዴ ነበር። ቦታው በአክስቴ ግቢና በአንድ ወፍጮ ቤት መካከል የተረፈ፣ ጥማድ በሬ ገብቶ የማይዞርበት ቁራጭ መሬት ነው። የፎገራ ሜዳ ዓይን እስኪደክም ከኋላችን ተዘርግቶ ሳለ፣ ሰው እዚያች ስንጥቅ ውስጥ ተሰክቶ ወደ ላይ የሚቆለልበት ምክንያት ያኔ አልገባኝም። ዛሬም በየከተማው ሲደረግ አያለሁ፤ ዛሬም አይገባኝም።

የእሱን ምክንያት ግን ራሱ ነግሮናል። ሴት ልጁን ደብረ ታቦር ላለ ባለርስት ቤተሰብ ሊድር ነበር። አማቾቹ እሺ ያሉት እያቅማሙ ነው። የቆዳ ነጋዴ ልጅ መሆኗ ከንክኗቸዋል፤ ይህንንም በሽማግሌ ፊት አልደበቁም። ሠርጉ ከተዋረደ ልጅቱ በባሏ ቤት ዕድሜ ልኳን አንገቷን ደፍታ እንደምትኖር የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። አባትየው ለዚህ ሁሉ መልሱ ፎቅ ነው አለ። ቆዳ ሊሸጥ አስመራ ሄዶ አይቶ መጥቷላ።

አክስቴ ባሏ የሞተባት፣ ጥጥ እየፈተለችና ጠላ እየጠመቀች የምትኖር ሴት ነበረች። ሀብቷ ግቢዋ ነው። ሰውዬው ከግቢዋ ጥቂት እንድትለቅለት ጠየቃት። እሷም የሰፈሩ ዳስ፣ ለሠርግም ለተዝካርም፣ የሚጣለው እዚያ ስለሆነ አልሰጥም አለች። እኔ ያን ቀን ለበዓል ከጎንደር መጥቼ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ነበርና የመለሰላትን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«ጭቃሽን ያዥው። እኔ የምሄደው ወደ ላይ ነው፤ ሰማይ ጎረቤት የለውም» አላት።

ግንበኛ ከጎንደር አስመጣ። ግንበኛው ከጣሊያን ጋር እንደሠራ ይናገራል፤ ምን እንደሠራ ግን አይናገርም። የአገሩ አፈር ዋልካ ነው፤ በበጋ እግር እስኪውጥ ይሰነጠቃል፣ በክረምት እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። ይህን ለነጋዴው የነገሩት ሽማግሎች ነበሩ። ለሽማግሎቹ የሰጣቸው መልስ አስመራም አፈር አለ የሚል ነው። ግድግዳው ባሕር ዛፍና ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ሆነ። ሰውዬው ከወሰን እስከ ወሰን፣ ክንድ የምታህል መሬት ሳያስተርፍ ሠራው። ደረጃው ትዝ ያላቸው መካከለኛው ደርብ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ወለሉን ቀደው አስገቡት። ደረጃ ይበሉት እንጂ መሰላል ነበር። ታች ቆዳው ተከመረ፤ ሽታው ከባለቤቱ ቀድሞ ላይ ይደርስ ነበር።

አልጋው በደረጃው አልወጣም አለ። በገበያ ቀን በገመድ አስረው በመስኮት ሲጎትቱት ከብት ነድተው የመጡ የቁሐር ገበሬዎች ቆመው አዩ። አንዱ ዱላውን ትከሻው ላይ እንዳጋደመ፣ «አያ፣ ቆጥ ነው እንዴ የሠራኸው? ዶሮዎቹስ መቼ ይገባሉ?» አለው። ሰውዬው ያልሰማ መሰለ። ስሙ ግን ለቤቱ ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ ወረታ ቆጡ እያለች ነው የጠራችው።

ክረምት ገባ፤ ዋልካው አበጠ፤ ቤቱ ወደ አክስቴ ግቢ አዘነበለ። ግንበኛው ሁለት ወፋፍራም ግንድ ይዞ መጣና በግቢዋ ድጋፍ እንድታስተክለው ለመነ። አክስቴ ሰማይ ጎረቤት አገኘ ወይ ብላ ጠየቀችው። ከዚያ አስተከለችው፤ ቢወድቅ የሚወድቀው በእሷ ላይ ነበርና።

ጥር ሲደርስ ጠላው ተጠነሰሰ፣ ሰንጋው ታሰረ። የሰፈሩ ጎረምሶች እንደ ደንቡ ገመድና ምሰሶ ተሸክመው ዳስ ሊጥሉ መጡ። ሙሽራ የምትወጣው ከአባቷ ዳስ ነው። መጥተው ቆሙ። የት ይጣሉት? ከበሩ ሲወጡ የመኪና መንገዱ ነው፤ ግራው ወፍጮ፣ ቀኙ የአክስቴ አጥር፣ ኋላው የሰው እርሻ። ያን ሁሉ ወር ያን ሁሉ ጭቃ ያስረገጠ ሰው፣ ልጁን የሚድርበት ደጅ እንደሌለው ያወቀው የዚያን ጠዋት ነው።

መጀመሪያ አልተበገረም። አማቾቹን ላይ፣ ካህናቱን መካከል፣ ዘመዱን ታች ከቆዳው ጋር አስቀምጣለሁ አለ። ጠላ የጠመቁት ሴቶች ጋን በዚያ መሰላል አይወጣም አሉት። የንስሐ አባቱ ከቁሐር ሚካኤል መጥተው ቤቱን ከታች እስከ ላይ በዓይናቸው ለኩት።

«ልጄ» አሉት፣ «ከአናቴ በላይ ጎረምሳ እስክስታ እየመታ እኔ ታች ማዕድ አልባርክም። ላይ ብታወጣኝም፣ ሠርግ የዋለ ቄስ በዚያ ነገር ሲወርድ ታይቶ አያውቅም።»

መንገዱ ላይ እንዳይጣል መኪና ያልፋል። ወደ ትውልድ መንደሩ እንዳይወስደው፣ ሠርጉ በፎቁ ነው ብሎ ደብረ ታቦር ድረስ ልኳል። የቀረው አንድ ደጅ ነበር።

ሰውዬው የንስሐ አባቱን አስቀድሞ መጣ፤ ልክ ሴት ልጅ እንደሚጠይቅ ሰው፣ ተቀመጡ ሲባሉ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። የተናገሩት ቄሱ ናቸው። እሱ መሬት መሬት ያይ ነበር። አክስቴ እንዝርቷን አላቆመችም።

«ልጅቱ ምን አጠፋች?» አለች በመጨረሻ። «እርስዎ ይቀመጡ አባ፤ ዳሱ ይጣል። አንተም ተቀመጥ። መሬት ነው፣ አይጥልህም።»

ዳሱ በግቢዋ ተጣለ፤ ጣሪያው ከጣና ዳር በመጣ ደንገል ተሸፈነ። ጎረምሶቹ ሁለቱን የፎቅ ድጋፎች እዚያው እንደቆሙ ምሰሶ አደረጓቸው። አማቾቹ መጡ፤ የሙሽራው አባት ወደ ዳሱ ገብተው የግቢውን ስፋት ዞረው አዩና ራሳቸውን በደስታ ነቀነቁ። አክስቴ የሙሽራይቱ አክስት መስላቸው ተነሥተው እጅ ነሷት። እሷም አላረመቻቸውም። ከዚያ በደንገሉ ቀዳዳ አሻቅበው አዩና ያ አጥሩ ላይ የተንጋደደው ምን እንደሆነ ጠየቁ።

ነጋዴው ከአጠገባቸው ነበር።

«መጋዘን ነው» አለ። «የቆዳ መጋዘን።»

ሽማግሌው ሽታው አሁን ገባኝ ብለው ወደ ምግባቸው ተመለሱ። ቆዳ ነጋዴነቱን ሊሸፍን ሦስት ደርብ የቆለለ ሰው፣ ሦስቱንም ደርብ በገዛ አፉ ለቆዳው አስረከበ። ልጅቱ የአባቷን ጉልበት ስማ፣ የአክስቴንም ስማ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ከደጃችን ወጣች። በኋላም በደህና እንደኖረች ሰምቻለሁ።

ከሠርጉ በኋላ ጎረምሶቹ ዳሱን ሊያፈርሱ መጡ። ደንገሉን ገፈፉ፣ ምሰሶውን ነቀሉ፤ አንዱ የዳስ እንጨት መስሎት ከወፋፍራሞቹ ግንዶች አንዱን አቅፎ ወዘወዘው። ከበላያችን ቆርቆሮው ተንቋቋ። ነጋዴው በላይኛው መስኮት አንገቱን አውጥቶ በሁለት እጁ መስኮቱን ይዞ ቁልቁል አየ።

አክስቴ ከጥጧ ቀና ሳትል፣ «እነዚያን ተዉ» አለች። «የሰውዬው ሰማይ ተንዶ አጥሬን እንዳይጥልብኝ።»