የጾም ወራት ተበዳሪዎች ጠበቃ፣ ወይዘሮ ዘነበች

በቃሊቲ በሚገኘው የወተት አርቢዎች የቁጠባና ብድር ማኅበራችን የብድር ክፍል ኃላፊ የነበሩት ወይዘሮ ዘነበች ቱፋ፣ ከሕመማቸው ሳያገግሙ ባለፈው ሳምንት በሞት ተለይተውናል። ሥራ የተማርኩት ከአጠገባቸው ተቀምጬ ነውና፣ ለምታውቋቸው ሁሉ ይህችን ልጽፍ ወደድኩ።

እትዬ ዘነበች በረት ሳያዩ ብድር አይፈቅዱም ነበር። ቢሮ የመጣውን ሰው «ቤትዎ ልምጣ» ይሉና በማግስቱ ቦቲያቸውን አጥልቀው ጭቃው ውስጥ ይገባሉ። ከላሟ በፊት መኖው የሚቀመጥበትን ያያሉ። «ላም መግዛቱ ቀላል ነው፤ ሰውን ዕዳ ውስጥ የሚከተው ማብላቱ ነው» ይሉኝ ነበር። ርኅሩኅ ቢሆኑም በቀላሉ አይሸነፉም። ላም እገዛለሁ ብሎ ተበድሮ በገንዘቡ ልጁን የዳረ አንድ አባል ጊዜ ይራዘምልኝ ብሎ ሲለምናቸው፣ «ሙሽሮቹን እግዚአብሔር ይባርክ፤ ግን ሠርግ አይታለብም» ብለው መለሱት። ሰውየው እየተነጫነጨም ቢሆን ከደመወዙ ከፍሎ ጨረሰ።

ከሁሉ የማልረሳው የአቶ ግርማን ጉዳይ ነው። አቶ ግርማ ከፋብሪካ ሥራቸው ሲቀነሱ በብድር ሁለት ላሞች ገዝተው በደንብ ሲከፍሉ ቆዩ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ክፍያው ቆመ፤ ስልክም አያነሱም። ኮሚቴው ላሞቹ በጨረታ ይሸጡ አለ። እትዬ ዘነበች ውሳኔው ሳይፈረም ኮሚቴውንና እኔን ይዘው ሰውየው ግቢ ሄዱ።

ላሞቹ ደህና ነበሩ። ችግሩ ወተቱ ነው፤ ይረከቧቸው የነበሩት የሳሪስ ካፌዎች በጾሙ ምክንያት ትተዋቸዋል። አቶ ግርማ አንገታቸውን ደፍተው፣ «የምለው ቢጠፋኝ ነው ስልክ ያላነሳሁት» አሉ።

እትዬ ዘነበች ወደ ሊቀ መንበሩ ዞሩ። «ደንበኛው ይጾማል፤ ላሟ ግን ጾም የላትም። ፉርሽካዋን በየቀኑ ትፈልጋለች።»

«ሁሉም እንዲህ ካለ ማኅበሩ ይዘጋል» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«ላሞቹን ከሸጥንባቸው በኋላስ በምን ይከፍሉናል? እስከ ፋሲካ እንታገሳቸው። ዋሳቸው እኔ ነኝ፤ ቁጠባዬን ያዙት።»

የሚያፈሰውን የቤታቸውን ጣሪያ ሊቀይሩበት ያጠራቀሙት ገንዘብ መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ኮሚቴውም እስከ ፋሲካ ለመታገስ ተስማማ።

በማግስቱ ከአቶ ግርማ ባለቤት ጋር ተቀምጠው መከሩ። ወተቱ እየተናጠ ቅቤው ለፋሲካ ገበያ እንዲቀመጥ ተስማሙ። ወተት የሚወስዱ ሙስሊም ጎረቤቶችንም እትዬ ዘነበች ራሳቸው እየዞሩ አፈላለጉ። በዓሉ ሲደርስ ቅቤው ለገዢው አልበቃም። አቶ ግርማ የተጠራቀመባቸውን ከፈሉ፤ ላሞቻቸውም በረታቸው ቀሩ። በጠቅላላ ጉባኤው፣ በጾም ወራት ክፍያው እንዲቀንስና ከፋሲካ በኋላ እንዲካካስ ሐሳብ ያቀረቡት እኚያው ሊቀ መንበር ናቸው። አሁን ጾም ሲገባ ተበዳሪዎቻችን ስልክ አይዘጉብንም፤ እንዲያውም እነሱ ናቸው የሚደውሉልን።

እትዬ ዘነበች፣ በቀብርዎ ዕለት ብዙዎቻችን አርፍደን ደረስን። ላሞቹ ሳይታለቡ መውጣት አልተቻለም። ሳጥንዎን ከተሸከሙት አንዱ አቶ ግርማ ነበሩ፤ ልብስ ለመቀየር ጊዜ ስላላገኙ ወተት ወተት ይሸቱ ነበር። እንደማይቀየሙን እናውቃለን። እርስዎ ብዙ ደክመዋልና አሁን ይረፉ፤ ማለዳ እኛ እንነሳለን።