መዳፌ ወደ ላይ አልዞር ያለ ጊዜ

መጀመሪያ ያስተዋልሁት ምልክት መዳፌ ወደ ላይ አልዞር ማለቱ ነው። ሕመምም ነበር፤ ሕመም ግን የወደቀ ሰው ሁሉ አለው። የእኔ ቀኝ ክንድ ሆዴ ላይ ተለጥፎ ቀረ። ወደ ውጭ ልገልጠው ስሞክር ከውስጥ የተቀረቀረ በር የምገፋ ይመስለኝ ነበር።

አወዳደቄን በደንብ ላስረዳ፤ ኋላ ጠቃሚ ሆኖ ተገኝቷልና። ዘመኑ የጣሊያን ወረራ ነው። ከደጋ ሸሽተው መተማ በረሃ የገቡ ሰዎችን ልጆች በሮቃ ዛፍ ጥላ ሥር ፊደል አስተምር ነበር። አንድ ቀን ከገበያ በበቅሎ ስመለስ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ አለፈ። በቅሎዋ ደነበረች፤ የፊት እግሯም በበጋ በተሰነጣጠቀው ዋልካ አፈር ውስጥ ገባ። እኔ በአንገቷ ላይ አልፌ ተወረወርሁ። ቀኝ እጄን ወደ ፊት ዘርግቼ ስለነበር መሬት ቀድሞ የነካው መዳፌ ነው። ክብደቴ ሁሉ በክንዴ አልፎ ትከሻዬን ወደ ኋላ ገፋው።

ትከሻዬ በመልክ ብዙ አልተለወጠም። መከራዬ ሁሉ የመነጨው ከዚህ ነው። ሰው የሚያውቀው የትከሻ ውልቃት ወደ ፊት የሚወጣውን ነው፤ እሱ ክንድን ከጎን ያርቃል፣ ቅርጽን ያበላሻል። የእኔ ክንድ ግን ጨዋ ሆኖ ሆዴ ላይ ተቀምጧል። ጋቢ ስደርብበት ደህና ሰው እመስላለሁ።

ወጌሻ ተጠራ። ብዙ ስብራት የጠገነ ሰው ነው፤ ስሙን ማጉደፍ አልፈልግም።

«ወለምታ ነው» አለ ገና ሳይነካኝ።

«መዳፌ አይዞርም» አልሁት።

«የታመመ እጅ መቼ ይዞራል? ፊደል አንተ ታውቃለህ፣ አጥንት ለእኔ ተው።»

ቅቤ ቀባ። አሸ። ጎተተ። ጮህሁ። እንደገና ጎተተ። ጣቶቼ ደነዘዙ። በመጨረሻ ክንዴን ሆዴ ላይ አጥብቆ አሰረው። ያ አስተሳሰር የወለቀውን አጥንት በወለቀበት የሚያቆይ መሆኑን እሱም እኔም አላወቅንም።

ከዚያ በኋላ መንደሩ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ደም ቋጥሯል ይበጣ አለ። ሌላው ዓይነ ጥላ ነው አለ። እኔ ለሁሉም «መዳፌ አይዞርም» እላለሁ፤ ሁሉም ራሱን ነቅንቆ የራሱን መድኃኒት ይቀጥላል። በዚህ መካከል ትምህርቱ ይበላሻል። በግራ እጄ በከሰል ጣውላ ላይ ስጽፍ «ነ» ተንጋደደች፤ ልጆቹም ታዛዦች ናቸውና የተንጋደደችውን ቀዱ። ቀኝ እጄ እንዲህ ሆኖ ከቀረ ከማስተማር ሌላ የማውቀው ሥራ አልነበረኝም።

ይባስ ብሎ ከባለቤቴ ተጣላሁ፤ ባለቤቴ ስል ያስጠጉኝን ሽማግሌ፣ ባላምባራስ እንግዳውን ማለቴ ነው። የተቆላ ሰሊጥ ሲያካፍሉ ግራ እጄን ዘረጋሁ። በአገራችን ከታላቅ ሰው በሁለት እጅ፣ መዳፍ ገልጦ መቀበል ነው ወጉ። ባላምባራስ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«በግራ? ያውም በአንድ?»

«ቀኙ አልዞር ብሎኝ ነው፣ ባላምባራስ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ኩራት ነው እንጂ አልዞር ያለው። በግራ የሚቀበል ሰው ልጅ ያስተምራል!»

ነገሩ በማግሥቱ መንደሩን አዳረሰ። አንድ አባት ልጁን ከሮቃው ሥር ወሰደ። ባለጌ ከተባለ መምህር ማን ይማራል?

ያዳነኝ ግመሉን ጭኖ ወደ ሱዳን የሚሻገር እድሪስ የሚባል ነጋዴ ነው። «ያ ኡስታዝ፣ መምህሬ፣ እዚህ ተቀምጠህ ከመጨቃጨቅ ከእኔ ጋር ና» አለኝ። ከድንበሩ ማዶ ወዳለ ሆስፒታል አደረሰኝ። ድሬሰሩ፣ የሐኪም ረዳቱ፣ እስሩን ፈታ፤ ከፊት ለፊት አንድ ራጅ ተነሣሁ። አጥንቱ አልተሰበረም፣ ሂድ ተባልሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አልተሰበረም እሺ፤ ታዲያ ለምን አይዞርም? የሚሰማኝ አልነበረም።

ስንወጣ እድሪስ በሩ ላይ ከቆመው ሐኪም ጋር በዓረብኛ ያወራ ጀመር። የሚያወራው ለሳቅ ነው፦ ሽማግሌው ሰሊጥ ሰጥተውት መዳፉን ገልጦ ባለመቀበሉ እንዴት እንደ ተዋረደ። ሐኪሙ አልሳቀም። አወዳደቄን ጠይቆ፣ ሸሚዜን አስወልቆ አስቀመጠኝ፤ ከኋላዬ ቆሞም ትከሻዎቼን ከላይ ወደ ታች ተመለከተ። የቀኙ ፊት ጠፍጣፋ ነው፤ ኋላው ሞልቷል። በብብት በኩል ሁለተኛ ራጅ አስነሣ።

ቃሉን እድሪስ እየተረጎመ ነገረኝ። «ፖስቴሪየር ዲስሎኬሽን ይባላል። የክንድህ አጥንት ራስ ወደ ኋላ ወልቋል። ከስንት አንድ የሚገጥም ነው፤ ከፊት የተነሣ ራጅ ይደብቀዋል። ቢቆይ ኖሮ ሳይቀደድ አይመለስም ነበር።»

ማደንዘዣ ክሎሮፎርም አሸተቱኝ። ነቃሁ። አጥንቱ ገብቷል። ሐኪሙ ጣቶቼን አንድ በአንድ አንቀሳቅስ አለኝ። ተንቀሳቀሱ። አለቀስሁ።

ከዚያ ክንዴን ወደ ውጭ ዘርግቶ፣ መዳፌን እንደ ተገለጠ በጄሶ አሰረው፤ አጥንቱ ተመልሶ ወደ ኋላ እንዳይሾልክ መታሰር ያለበት እንደዚያ ነውና። በገበያ ሳልፍ የእድሪስ ወዳጆች ለማኝ ብለው እየቀለዱ በተገለጠው መዳፌ ላይ ተምር ያስቀምጡልኝ ነበር፤ እኔም በግራ እጄ እያነሣሁ እበላለሁ። ጄሶው ሲፈታ ክንዴ ቀጥኖ፣ ደርቆ ወጣ። በየጧቱ ከግድግዳ አስጠግቼ፣ ሐኪሙ ባሳየኝ መንገድ በዝግታ ወደ ውጭ ሳዞረው፣ መጀመሪያ የእርሳስ ውፍረት፣ ከዚያ የመጽሐፍ ውፍረት ያህል እየጨመረ፣ ክረምቱ ሲገባ ከሰል ለመያዝ በቃሁ።

እንግዲህ ወድቀህ ወይም በሚጥል በሽታ ተንፈራግጠህ ትከሻህ ቢያምምህ መዳፍህን ለመግለጥ ሞክር። አልገለጥ ካለህ ማንም እንዳይጎትትህ፤ እንዳለ ደግፈህ ሐኪም ፈልግ። ሸሚዝህን አውልቅ፤ በጋቢ ላይ የታየ ትከሻ አልታየም። አንድ ራጅ ደህና ነው ቢል ሌላ በጎን እንዲነሣልህ ጠይቅ። ሐኪሙን አመሰግናለሁ፤ እድሪስንም ከነወሬኛነቱ።

ስመለስ ባላምባራስ ሰሊጥ እያስቆሉ ደረስሁ። እፍኝ ዘገኑ። ሁለቱን እጆቼን ዘረጋሁ፤ ቀኙ ጥቂት ጎደል ብሎ ነው የተገለጠው። አዩት።

«አሁን ጨዋ ሆንህ» አሉና አፈሰሱልኝ።

ጉዳዩ የጨዋነት ሳይሆን የመገጣጠሚያ መሆኑን ከመጀመሪያው ላስረዳቸው አፌን ከፈትሁ። ሰሊጡ ግን በጣቶቼ መካከል መፍሰስ ጀምሮ ነበር፤ ነገሩን ትቼ ሁለቱን መዳፎቼን ገጠምሁ።